የምታጠባም ከማዶም የሆነችው

የስንብቴ ቀን አበባ ይዤ ሳለቅስ በደስታ ነው ያሉ ነበሩ። ይበሉ። እኔ ያለቀስኩት ንግግር አድራጊው ልጅ «ወይዘሮ አሰለፈች ዕድሜያቸውን በሙሉ በዳታቤዝ ሥራ ያገለገሉ» ሲል የጥንቱ አለቃዬ አብዶሽ ትዝ ብሎኝ ነው። እዚያ ቢኖር ኖሮ ከኋላ ሆኖ «ያገለገሉ ምንድነው አቦ፣ ወንበር ናት እንዴ?» ይል ነበር። ሰዉም ይስቅ ነበር፣ እኔም አላለቅስም ነበር።

ስለ ጡረታው ገንዘብ አላወራም፤ ጥሩ ጠዋት ነው፣ ለምን ላበላሸው። ስለ ሥራዬ ግን ሰው ሲጠይቀኝ ሁልጊዜ የማወራው ስለ አንድ ትእዛዝ ነው። ማሽን ላይ ሲጻፍ ከአንድ መስመር ትንሽ የሚያልፍ ትእዛዝ። ከዚያ በኋላ ስንቱን ጻፍኩ፣ ስንት መሥሪያ ቤት ዞርኩ፣ ስንት ዓይነት ማሽን አየሁ፤ ልቤ የቀረው ግን እዚያች ላይ ነው።

የድሬ ልጅ ነኝ። አባቴ የባቡር ሠራተኛ ነበር። ትምህርቴን እንደጨረስኩ አንድ የጭነት አስተላላፊ ቢሮ ታይፒስት ሆኜ ገባሁ። አለቃዬ ሲናደድ በፈረንሳይኛ የሚሳደብ ሰው ስለነበር ታይፕ ሳልለምድ ስድቡን ለመድኩ። ቢሮው ሲዘጋ ወደ ብርድ ልብስ ፋብሪካ ተመደብኩ። አዎ፣ በዚያ በድሬ ሙቀት ብርድ ልብስ! ላባችን እየተንጠባጠበ ለደገኛ መከናነቢያ እንሠራ ነበር። የደረስኩበት ክፍል የሰዓት ቁጥጥርና የፈረቃ ድልድል ይባላል፤ ኃላፊው አብዱራህማን ነው። አለቃ ሲቆጣው ካልሆነ ግን ማንም አብዱራህማን ብሎት አያውቅም፤ አብዶሽ ነው።

አብዶሽ በዕድሜ አባቴን ቢያክል ነው። ሌላ አገር ቢሆን ጋሼ፣ እርስዎ ብዬ አንገቴን እደፋ ነበር። ድሬ ላይ ግን አንቱታ አይበቅልም። «አንተ አብዶሽ» እለዋለሁ፣ «አንቺ አሴ» ይለኛል፣ ፍቅራችንም ሙሉ ነው። ሐረሪ ነው፤ ቤቱ ሐረሪኛ፣ ከጥበቃው ጋር ኦሮምኛ፣ ከሹፌሮቹ ጋር ሶማሊኛ፣ ከእኛ ጋር አማርኛ ያወራል። አንዳንዴ አንዱን ዓረፍተ ነገር በአንዱ ቋንቋ ጀምሮ በሌላው ይጨርሰዋል፤ እኛም ልብ ሳንለው እንረዳዋለን።

ወር ባለቀ ቁጥር የሠራተኛውን ፈረቃ መደልደል የእሱ ሥራ ነበር። ማን ጠዋት ይገባል፣ ማን ከሰዓት፣ ማን ሌሊት፤ ማን በፋብሪካው ባስ ይሄዳል፣ ማን በእግሩ። ይህን ሁሉ በጭንቅላቱ ነበር የሚሠራው። ድልድሉ ሲለጠፍ ግን ሰፈሩ ይተራመሳል። «ለእሷ ጠዋት፣ ለኔ ሌሊት? ምን አድርጌህ ነው አብዶሽ?» የሚል ሰው በሩ ላይ ይሰለፋል። እሱም በየቋንቋቸው ያባብላቸዋል።

በደርግ የመጨረሻዎቹ ዓመታት ኮምፒዩተር መጣልን። በእንጨት ሣጥን ታሽጎ መጣ፤ ሥራ አስኪያጁ ጓድ ታደለ ሠራተኛውን ሁሉ ሰብስቦ ስለ ቴክኖሎጂ ረጅም ንግግር አደረገ። ሰዉ ፀሐይ ላይ ቆሞ አጨበጨበ። ከዚያ እኔና አብዶሽ አዲስ አበባ ሄደን ሠልጥነን ተመለስን። ማሽኑን አቧራ እንዳይነካው ነጭ ጨርቅ አልብሰነው ነበርና የፈተላ ክፍሏ ፈቲያ በመስኮት ባለፈች ቁጥር «ሙሽራው ዛሬስ ተነሣ?» ትለን ነበር። ፈቲያን ድፍን ፋብሪካው ያውቃታል። ድምጿ ከማሽኖቹ በላይ የሚሰማ፣ ሳቋ ሰው የሚያስቆም ሴት ናት። ቤቷ ከደቻቱ ወንዝ ማዶ፣ ገንደ ቆሬ ሰፈር ነው።

አሁን ስለ ትእዛዙ ላስረዳ፤ ሳይገባችሁ እንዳታልፉ። ዳታቤዝ ማለት ያኔ ለእኛ የሠራተኛው መዝገብ ነው። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ መስመር አለ፦ ስሙ፣ ክፍሉ፣ ሰፈሩ፣ ሴት ከሆነች ታጠባ አታጠባ እንደሆነ። ማሽኑን «ለሁሉም ምድብ ስጥልኝ» ስትሉት አያውቅም። ጥያቄ መስጠት አለባችሁ። ይህ ከሆነ እንዲህ በለው፤ ካልሆነ ደግሞ እንዲያ። ችግሩ አንድ ጥያቄ አይበቃም። ስለዚህ «ካልሆነ» በሚለው ቦታ ሌላ ጥያቄ ትከታላችሁ፣ በእሱ «ካልሆነ» ውስጥ ሌላ። የከፊራ ገበያ ድስት ሻጭ ዕቃውን ሲሰበስብ ትንሹን በትልቁ ውስጥ እንደሚከተው ነው።

አብዶሽ ይህን ሲጽፍ ማየት ነበር። መጀመሪያ ቅንፉን ይከፍትና ወዲያው ይዘጋዋል፣ ባዶውን። ከዚያ ወደ ኋላ ተመልሶ መሀሉ ይገባና ይጽፋል። «ቤት ስትሠሪ በር ሳትገጥሚ ዕቃ ታስገቢያለሽ?» ይለኛል። እኔ ችኩል ነኝ፤ ከፍቼ ከፍቼ እሄድና መጨረሻ ላይ ስንት ቅንፍ እንደምዘጋ ይጠፋኛል። ማሽኑም ስህተት ብሎ ይጮሃል። አብዶሽ ይስቅና «ተነሺ አቦ» ብሎ ወንበሬን ይቀማኛል።

ሌላ ጠባይ ነበረው። የመጨረሻውን «ካልሆነ» ለማሽኑ ሰጥቶ አያውቅም። ሁሉም ጥያቄ አልፎት የቀረ ሰው ካለ፣ ምድቡ ላይ «አብዶሽን ጠይቁ» የሚል ይታተማል። ጓድ ታደለ በዚህ ይንገበገብ ነበር።

«ይህን ሁሉ ገንዘብ አውጥተን፣ በመጨረሻ አብዶሽን ጠይቁ?»

«እና ማንን ይጠይቁ?» ይላል አብዶሽ፣ ከምሩ ነው የሚጠይቀው።

የድልድሉን ትእዛዝ ስንጽፍ የመጀመሪያው ጥያቄ ምን ይሁን የሚል ክርክር እንኳን አልነበረም። በእኛ አገር አራስ ትቀድማለች። በቀበሌ ሱቅ ሰልፍ፣ በክሊኒክ፣ በባስ በር፤ ልጅ የያዘች ስትመጣ ሰዉ ራሱ ገለል ይላል፤ «አራስ ናት፣ ትለፍ» ይባላል። አብዶሽም ጣቱን አንሥቶ «የምታጠባ ትቅደም» አለ። እኔም በደስታ ጻፍኩት። የምታጠባ ከሆነች፣ ጠዋት ትግባ፣ ቀትር ላይ ወጥታ ልጇን አጥብታ ትመለስ። ካልሆነ፣ ከደቻቱ ማዶ ናት ወይ? ከሆነችና ክረምት ከሆነ፣ በእግሯ አትውጣ፤ ባሱን ጠብቃ በድልድዩ ትዙር። ካልሆነ ደግሞ ሌላ፣ ሌላ፣ እስከ «አብዶሽን ጠይቁ» ድረስ።

ደቻቱን ለማያውቅ፦ ወንዝ ነው እንላለን እንጂ በአብዛኛው ቀን አሸዋ ነው። ከተማውን ለሁለት ከፍሎ ይተኛል። ሰው ይሻገርበታል፣ ይገበያይበታል፣ መኪና አሸዋ ይጭንበታል። ጎርፉ የሚመጣው ግን ድሬ ላይ ስለዘነበ አይደለም። ላይ ተራራው ላይ ይዘንባል፤ እኛ ጋ ሰማዩ ጠርቶ ፀሐይ እያቃጠለን ውኃው ድንገት ይደርሳል።

የመጀመሪያው ድልድል ተለጠፈ። የሚያጠቡት ሴቶች እልል አሉ። ፈቲያ ልጇን ናስርን ወልዳ ፈቃዷን ጨርሳ በዚያው ሰሞን ነበር የተመለሰችው። በመስኮት ብቅ ብላ «ሙሽራው ሰው ያውቃል ለካ!» አለችን። አብዶሽ እንዲያ ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም።

ነሐሴ የገባ ሰሞን ነበር፣ ቀትር ላይ። በሩ ላይ የነበረው ጥበቃ ገመቹ ቀድሞ እንዲህ ባለ ወቅት ወደ ተራራው ይመለከት ነበር፤ ሰማዩ ጠቁሮ ካየ ማንንም አያሳልፍም። የዚያን ቀንም አየ፣ ጠቁሯል። ፈቲያን «ዛሬ ቅሪ» አላት።

«ልጄ ይራባል፤ ደግሞ እየው፣ ማሽኑ ትውጣ ብሏል» አለችው፣ ከግድግዳው ላይ የተለጠፈውን እያሳየችው። የታተመ ነገር ነው፣ ገመቹ ምን ይበል። አሳለፋት።

ድምፁን ቢሮ ሆነን ሰማነው። ደቻቱ ሲመጣ ድምፁን የማያውቅ የድሬ ሰው የለም። አብዶሽ ብድግ አለ፣ ፊቱ አመድ መሰለ። «ፈቲያ ወጥታለች?» አለኝ። መልሴን አልጠበቀም፣ ያ ቀጭን ሽማግሌ ሮጠ። እኔም ጫማዬን ጥዬ ተከተልኩት።

ዳር ስንደርስ ሰዉ ይጮሃል። መሀል አሸዋው ላይ ሲጭን የነበረ አንድ ኤንትሬ የጭነት መኪና ወደ ጎኑ ዘምሟል፤ ጭነቱ ላይ ሹፌሩና ረዳቱ ስትሻገር ውኃው የደረሰባትን ፈቲያን ጎትተው አውጥተው መሀል አድርገዋት ቆመዋል። ውኃው ግንድና በርሜል እየጎተተ በጎማው ላይ ይወጣል። ከማዶ አንዲት ጎረቤቷ ናስርን ወደ ላይ ከፍ አድርጋ ይዛዋለች፤ እናቱ እንድታየው ነው መሰል። ሲያለቅስ አፉ ይታየናል፣ ድምፁ ግን አይሰማም። አብዶሽ «ያ አላህ፣ እኔ ነኝ ያወጣኋት» ይላል፣ ደጋግሞ። እጁን ያዝኩት።

አላህ ረዳ፣ ውኃው ጎደለ። አሸዋ ጫኞቹ ገመድ ጥለው አወጧቸው። መኪናው ሲዘም ፈቲያ ክንዷን ተመትታ ተሰብሮ ነበር፤ እሷ ግን ወደ ሐኪም አልሄድም ብላ ወደ ማዶ ሄደች። በተሰበረ ክንዷ ልጇን መያዝ አልቻለችም፤ ጎረቤቷ ደረቷ ላይ ደግፋ ያዘችላትና ቆማ አጠባችው። እኛ ከወዲህ ዳር ቆመን አየናት። ያን ዕለት ያለቀስኩትን ያህል በአባቴም ቀብር አላለቀስኩም።

በማግሥቱ አብዶሽ ቢሮ ገብቶ ማሽኑን አልከፈተም። መሀል ወለሉ ላይ ቆመ።

«አሴ፣ እኔ ፈቲያ ነኝ። ጠይቂኝ» አለኝ።

ሁልጊዜ የትእዛዙን ጥያቄ በተራ ጮክ ብሎ ያነብ ነበር፤ ሰው ሆኖ ሲያልፍበት ግን ገና ማየቴ ነው።

«ታጠቢያለሽ?» አልኩት።

«አጠባለሁ።»

«እንግዲያው ቀትር ላይ ውጪ።»

ቀጣዩን ጥያቄ ጠበቀ። «በቃ? ሌላ የሚጠይቀኝ የለም? ቤትሽ የት ነው የሚለኝ የለም?» አለ። ከዚያ ተቀመጠ። «ማስቀደም ክብር መስሎኝ ነበር። ለካ እዚህ የቀደመን ሰው ሌላ ማንም አይጠይቀውም» አለ።

እውነቱን ነው። ማሽኑ ለመጀመሪያው ጥያቄ አዎ ካገኘ የቀረውን አያየውም። በዳቦ ሰልፍ ፊት መቆም በረከት ነው፤ በጥያቄ ሰልፍ ፊት መቆም ግን ከሌላው ጥያቄ መቅረት ነው። ይህን አዲስ አበባ አስተምረውናል፣ እኛም ደብተራችን ላይ ጽፈነዋል። አራስ ትቅደም ስንል ግን ልባችን ነው የጻፈው።

«እንግዲያው ወንዙን እናስቀድመው» አልኩ።

ተነሥቶ ቆመ። «ጠይቂኝ።»

«ከማዶ ነሽ?»

«ነኝ።»

«ክረምት ነው። ባሱን ጠብቂ፣ በእግርሽ አትውጪ።»

«ሀዬ፣ እሺ፣ እጠብቃለሁ። ልጄስ?»

ወንዙ ከቀደመ ማንም ስለ ናስር አይጠይቅም። ብናገላብጠውም አንዱ ይቀራል፣ ወይ እናቲቱ ወይ ልጁ።

ጓድ ታደለ ግን መልስ ነበረው። ወደ ቢሮው ጠርቶን «ቀላል ነው፣ የማጥባቱ ጥያቄ ይሰረዝ። ቀትር ላይ መውጣት ከዛሬ ጀምሮ ቀርቷል። የትናንቱ በሬዲዮ ተነግሯል፤ ደግሞ ሁለተኛ እንድንወጣ?» አለ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ የፈራ ሰው ነበር። ግን እንዲህ ከሆነ ፈቲያ ወይ ሥራዋን ትለቃለች ወይ ናስርን ከጡት ትነጥላለች። ባሏ ጂቡቲ ሄዶ የቀረ ነው፤ ከደሞዟ ሌላ ምንም የላትም።

ያን ዕለት ከሰዓት ልንጠይቃት ሄድን። ክንዷ በእንጨት ታስሯል፤ እንዳየችን «ኑ ግቡ፣ ሙሽራውንስ ምነው አላመጣችሁት?» አለች። አብዶሽ ይቅርታ ሊል አፉን ከፈተ፣ አቃተው፤ የናስርን እግር ይዞ ቁጭ አለ። ያ በየቋንቋው የሚያወራ ሰው በአንዱም ቃል አጣ። ከዚያ ጓድ ታደለ ያለውን ነገርኳት። ሳቋ ጠፋ።

«ክንዴ ይድናል፣ እመለሳለሁ። ናስርን ግን ለማን ልተወው? በቀን አንዴ እንኳ ካላየሁት ጡቴ ይደርቃል» አለች።

በጋሪ ተመለስን። ድልድዩ ላይ ስንደርስ አብዶሽ «ሁለቱንም አንድ ላይ ነው መጠየቅ ያለብን» አለ። «የምታጠባም፣ ከማዶም የሆነች። እሷ ከሁሉም በፊት ለብቻዋ ትጠየቅ።»

«ከዚያስ? አዎ ካለች ምን እንበላት?»

«እሱን ነው የማላውቀው።»

በማግሥቱ ጻፈው። ቅንፉን ከፈተ፣ ዘጋ፣ መሀሉ ገባ። ታጠባለች፣ እና ከማዶ ናት፣ እና ክረምት ነው። «ከሆነ» ከሚለው ቀጥሎ ያለውን ቦታ ግን ባዶ ትቶት ተቀመጠ። ማሽኑ ያልሰጡትን መልስ አያመጣም። እኔ አጠገቡ ሆኜ ላቤን አልጠረግኩም፤ ለምን ብትሉ ላብ የለም። በድፍን ፋብሪካው ቀዝቃዛ አየር የሚነፍስበት ክፍል የእኛ ብቻ ነበር፤ ማሽኑ ሙቀት አይችልም ተብሎ። አብዶሽ ቀና ብሎ ግድግዳውን አየ፣ ወለሉን አየ፣ እኔን አየ።

«አሴ፣ እዚህ ሕፃን ቢተኛ ማሽኑን ምን ያደርገዋል?»

«ማሽኑን ምንም። ጓድ ታደለን ነው እንጂ!»

ሳቀ፣ ከጎርፉ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ። ከዚያ በሁለት ጣቱ ባዶው ቦታ ላይ «ማሽን ክፍል» ብሎ ጻፈ። ከማዶ የሚመጡት እናቶች ክረምቱን ልጆቻቸውን ይዘው በጠዋቱ ባስ በድልድዩ ዞረው ይመጣሉ፤ ልጆቹ እኛ ጋ ይውላሉ፤ እናቶቹ ቀትር ላይ መጥተው ያጠባሉ። የሚጠብቁልን አንዲት ሴት ከጽዳት ክፍል ጠየቅን፤ እሷም የቀዝቃዛውን ክፍል ስም ስትሰማ ሳንጨርስላት እሺ አለች።

ለአለቃ ሳናስፈቅድ አተምነው፣ ለጠፍነው። ዘለፋው ወዲያው መጣ። ጓድ ታደለ በሩን በርግዶ ሲገባ ወለሉ ላይ ሕፃናት በብርድ ልብስ ላይ ተኝተዋል፤ ብርድ ልብስ እንደሁ ሞልቶናል።

«ጓድ አብዱራህማን! ይህ ምንድነው?»

«የሚጠቡም ከማዶም የሆኑት ናቸው» አለ አብዶሽ።

«የመንግሥት ንብረት ያለበት ክፍል ነው እኮ ይሄ!»

«እነሱስ የማን ናቸው?»

ጓድ ታደለ ሊጮህ አየር ሳበ፤ የሳበው አየር ግን ቀዝቃዛ ነበር። ኮቱ ከጀርባው ላይ በላብ ተጣብቋል። አንዷ ሕፃን እየዳኸች መጥታ የሱሪውን ጫፍ ያዘች። ጎንበስ ብሎ ሊያስለቅቅ ጀምሮ ጣቱን አስያዛት። እኛ ወደ ማሽኑ ዞርን፣ እንዳላየን ሆንን። ሲወጣ «ጎብኚ የሚመጣ ቀን ግን አንድም እንዳይታየኝ» አለ። ከዚያ በኋላ በየቀኑ የሆነ ወረቀት ፍለጋ እኛ ጋ ብቅ ማለት አመጣ፤ ወረቀቱ ግን አንድም ቀን አልተገኘም።

ትእዛዟን በኋላ በየሄድኩበት መሥሪያ ቤት በየማሽኑ ቋንቋ መልሼ ጽፌያታለሁ። ስሙ ይለወጣል፣ ቅንፉ ይለወጣል፣ ጥያቄው ያው ነው። ልጆቹ ሠራተኞች የተደራረበ ጥያቄ ጽፈው ሲያመጡልኝ እኔም እንደ አብዶሽ መሀል ወለል ላይ ቆሜ ጠይቁኝ እላቸዋለሁ። ይስቁብኛል። ይሳቁ፣ እኔም ስቄበታለሁ። አብዶሽ ካረፈ ቆይቷል፤ አላህ ጀነት ያግባው። ከእሱ በኋላ ብዙ አለቃ አየሁ፣ የተማሩም ጨዋዎችም ነበሩ፤ እንደ እሱ የወደድኩት ግን የለም፤ ይህንንም በቁሙ ሳልነግረው ቀረሁ።

ፈቲያ ክንዷ ድኖ የተመለሰች ሰሞን ነው። ክረምቱ ገና አልወጣም። ቀትር ላይ ገብታ ግድግዳ ተደግፋ ናስርን እያጠባች ሳለ ያ ድምፅ መጣ። ደቻቱ። የፈተላ ማሽኖቹ እንኳ የቆሙ መሰለኝ። ፈቲያ ቀና አለች፣ ፊቷ ገረጣ፣ የዳነው ክንዷ ልጁን ጠበቅ አድርጎ ያዘ። ናስር ዓይኑን ጨፍኖ ይጠባል፣ ጭራሽ አልሰማም።

አብዶሽ ከወንበሩ ተነሥቶ ወደ እሷ ሄደ። ቤቷ ሄደን ያቃተውን ይቅርታ ሊል ነው።

«ፈቲያ፣ ያን ቀን እኔ...»

«ሽሽ» አለችው ጣቷን አፏ ላይ አድርጋ። «ዝም በል አቦ፣ ልጄ እንቅልፍ ሊወስደው ነው።»

አብዶሽ ጫማውን አውልቆ በእጁ ያዘና በጣቱ እየረገጠ ወደ ወንበሩ ተመለሰ።